ጠንቋይ ነው ወይስ አዋቂ? ስለ አስማት ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ ስናነብ

በክፋር ማርሞሬክ በምናካሂደው የንባብ ምሽት፣ በዚህ ሴሜስተር የመረጥነው አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ሌ ጉዊን የጻፈችውን የኤርዝሲ ተከታታይ ልብ ወለድ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ጽፈናል)። በዕብራይስጥ ተተርጉሟል፤ አብዛኞቻችንም ያነበብነው በዕብራይስጥ ነው። ችግሩ የመጣው የአንዳንዶቻችን እናቶችና አንዲት አያት ሻይ ይዘው አጠገባችን ሲቀመጡ ነው። «ምንድን ነው የምታነቡት? ለእኛም ንገሩን እንጂ» አሉ። ከመካከላችን አንዱ በአማርኛ ጀመረ፤ «አንድ ጠንቋይ ነበር...»

«ጠንቋይ!» አሉ አያት። «ሰው የሚያጠፋ?»

«ኧረ አይደለም እማማ። መንደሩን በጉም ሸፍኖ ከወራሪ ያዳነ ልጅ ነው።»

«እሱማ አዋቂ ነው እንጂ፣ ምኑ ጠንቋይ ሆነ?»

ያን ምሽት ከሦስት ገጽ በላይ አልሄድንም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ግን ከዚያ ምሽት ተነሥተን ነው።

አማርኛ ለአንድ ሰው ሥራ ብዙ ስም አለው። እኛ ፈልገን ደጁን ከጠናን አዋቂ ነው። ጎረቤታችን ከሄደበት ጠንቋይ ይሆናል። ጎረቤታችን የሄደው በእኛ ላይ ከሆነ ደግሞ መተተኛ ነው። ሰውየው ያው ነው፤ የሚጽፍበትም ብራና ያው። ስለዚህ ሁለት የአስማት ትምህርት ቤቶች የሚዋጉበትን ታሪክ ስናነብ «ማን ያሸንፋል?» ከማለታችን በፊት «ይህን ስም ማን አወጣለት?» ብለን እንድንጠይቅ ተስማማን።

የመጽሐፉ ዓለም የደሴቶች ዓለም ነው። በሮክ ደሴት የጠቢባን ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ የሚማሩት የነገሮችን እውነተኛ ስም ነው፤ ስሙን ያወቀ ነገሩን ያዛል። የፓልን ደሴት ሰዎች ሙታንን የሚጠራ ሌላ ጥበብ አላቸው፤ የሮክ ጠቢባን ያን ጥበብ አያምኑትም፣ አደገኛ ይሉታል። በምሥራቅ ያሉት ካርጎች ደግሞ አስማትን በጠቅላላ ይጠሉታል፤ በመርከብ እየመጡ መንደር ያቃጥላሉ። (ነጮቹ ካርጎቹ ናቸው። ዋናው ባለታሪክ ጌድ ጠይም ነው። በ2004 ታሪኩ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ቦታው ለነጭ ተዋናይ ስለተሰጠ ደራሲዋ በአደባባይ ተቃውማለች። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛችን መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው።)

«ስሙን ያወቀ ያዛል» የሚለው ነገር ለእናቶቻችን አዲስ አልነበረም። አስማት የሚለው ቃል ራሱ ግዕዝ ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር፣ «ስሞች» ማለት። ደብተራው በክታብ ላይ የሚጽፈው የተሰወሩ የፈጣሪ ስሞችንና የአጋንንትን ስሞች ነው። መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው ጸሎት ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ እንዳጠመደ ይተርካል፤ የሱስንዮስ ጸሎት ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዘልያን በስሟ ይጠራታል። በዐውደ ነገሥት የሚቆጥር ሰውም የመጣውን ሰው ስም ከእናቱ ስም ጋር ይጠይቃል። ስለዚህም ነው ስምን ላልታወቀ ሰው መስጠት የሚያስፈራው።

አሁን ወደ ጎንደር እንሂድ። የአፄ ይስሐቅን ዘመን (1414–1429) የሚተርከው ታሪክ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል ዐዋጅ እንደነበር ይናገራል። ርስት ያጣ ሰው በእጁ መኖር አለበት። ቤተ እስራኤል ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸመኑ። ገበሬው ማረሻው ሲሰበር፣ ማጭዱ ሲዶለዱም ከቀጥቃጩ ደጅ ይሄዳል፤ ያለ እሱ አያርስም፣ አያጭድም። ያው ቀጥቃጭ ግን እሳትና ብረት የሚያዝ ነውና ሲመሽ ይፈራል። «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባላል። ልጅ ድንገት ሲታመም «ቡዳ በላው» ይሉና በሽተኛውን ጢስ ያጥኑታል፤ ከዚያ «ማነህ? ከየት መጣህ? የት አግኝተህ በላኸው?» እያሉ ይጮኹበታል። በሽተኛው ይለፈልፋል፤ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራው ቀጥቃጭ በዚያ ሰዓት ቤቱ ተቀምጦ እራቱን እየበላ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ ግን አልቋል። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲዋ ሐጋር ሰላሞን እዚህ አገር ከገቡ ወገኖቻችን ጋር ተነጋግራ በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ «የጅብ ሕዝብ» የሚል ርእስ የተሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን የሚያስፈራው ወገን አንድ ብቻ አልነበረም። ክርስቲያኑ ጎረቤት የእኛን ሰዎች «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር፤ ከእሱ ጋር ከተነካኩ በኋላ ወንዝ ወርደው ስለሚታጠቡ። በእኛ ዓይን ርኩሱ እሱ ነበር። በራሳችን መካከልም «ጨዋ» እና «ባርያ» የሚል ስም አለ። ጋብቻ ሲነሣ ዛሬም ድረስ ይንሾካሾኩበታል። ይህ ሲነገር ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንዲት እናት ጽዋ መሰብሰብ ጀመሩ። ቡዳ በመባላችን የምናለቅሰውን ያህል ይህንንም ካላነሣን ንባባችን ግማሽ ይሆናል ብለን እናምናለን።

የምንሰበሰብበት ሰፈርም የራሱ ታሪክ አለው። ክፋር ማርሞሬክን የመሠረቱት በ1930 ከኪኔሬት ተነሥተው የመጡ የየመን አይሁድ ናቸው። የመን ውስጥ ብር አንጥረኛው አብዛኛውን ጊዜ አይሁዳዊ ነበር፤ የክታቡን መያዣ የሚሠራውም እሱ።

ከተከታታዩ ሁሉ ብዙ ያነጋገረን በ1971 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ነው። ቴናር የምትባል ሕፃን ከእናቷ ተወስዳ ለስም የለሽ ኃይሎች ካህን ትደረጋለች። ስሟ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ «የተበላችው» ተብላ ትጠራለች። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ማብራሪያ አልጠየቁም። አንዷ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ናቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን በገባበት። በመርከዝ ክሊታ አንድ ሰው ስማቸውን ሁለቴ ሰምቶ ሊጠራው ቢያቅተው የዕብራይስጥ ስም ጻፈላቸው። አያታቸው ደግሞ የቤተሰብ ስም ሆኑ። «ለሃያ ዓመት በዚያ ስም ሲጠሩኝ ዞሬ የማየው ዘግይቼ ነው» አሉን።

እኛ ማኅበራዊ ሥራ ለምንማረው ይህ የክሊኒክም ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ዛርን ከባህል ጋር ከተያያዙ ሁኔታዎች መካከል መዝግቦታል። በ1997 ደግሞ ኒምሮድ ግሪሳሩና ኤሊዔዘር ቪትስቱም ከባልደረባቸው ጋር ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ የታየውን ዛር ሲያጠኑ፣ ሕመም ነው ወይስ የባህል መገለጫ የሚለውን በጽሑፋቸው ርእስ ላይ አንሥተዋል። ዛር በአገሩ ደንብ መጀመሪያ ስሙን ይጠየቃል፣ ከዚያ የሚፈልገው ይጠየቃል፤ ይታረቁታል እንጂ አያባርሩትም። እዚህ ግን አስተርጓሚው «ዛር አለብኝ» የሚለውን «ሼድ» ብሎ ከተረጎመው ሐኪሙ የሚሰማው ጋኔን ነው። «ድምፅ ይሰማታል» ካለ ደግሞ መዝገቡ ሌላ መንገድ ይይዛል። የታመመ ሰው ሐኪም ማየት እንዳለበት አንጠራጠርም፤ መድኃኒት ከጀመረም ዛሩ ታረቀ ተብሎ እንዲያቆም አንመክርም። የእኛ ጥያቄ በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ የማን ቃል ይጻፍ የሚል ነው። እኛ የሰውየው ራሱ ቃል በራሱ ቋንቋ ይጻፍ፣ ትርጉሙ ከሥሩ ይከተል እንላለን። ከመካከላችን ሁለቱ በተግባር ልምምዳቸው ላይ እንዲህ መጻፍ ጀምረዋል።

ለሚቀጥለው ምሽት የቴናርን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ካለ አንድ ትልቅ ሰው ሦስት ነገር ጠይቁልን፤ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ማን ነበር፣ ማን ለወጠው፣ ጎረቤትስ ምን ይላቸው ነበር። መልሱን በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ እንደ ተነገራችሁ ጻፉት። አያት ሻይውን እኔ አፈላለሁ ብለዋል።