ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምን በነርቭ ማደንዘዣ ስለ ማስታገሥ

በአፍንጫችን ዙሪያ፥ በጉንጭና በግንባር አጥንት ውስጥ፥ አየር የሚመላለስባቸው ባዶ ክፍሎች አሉ፤ እነርሱም ሳይነስ ይባላሉ። መውጫቸው በእብጠት ወይም በአፍንጫ ውስጥ በሚበቅል ሥጋ ተዘግቶ በመድኃኒት አልሻር ያለ እንደ ሆነ፥ የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ይከፍተዋል። ነገር ግን ከሆሳዕና፥ ከዱራሜ ወይም ከሾኔ ለዚሁ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሂድ ሲባል፥ ከነቃ በኋላ የሚመጣውን ሕመም ፈርቶ ቀኑን የሚያዘገይ ሰው አይታጣም። ይህ ፍርሃት መድኃኒት አለው።

ሕመም ከተጎዳው ሥፍራ ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቭ ነው። የላይኛውን ጥርስ የሚያገለግለው ነርቭ የጉንጩንም ሳይነስ ያገለግላል፤ ሳይነሱ የታመመ ሰው አንዳንድ ጊዜ ጥርሱን የታመመ የሚመስለው ስለዚህ ነው። የጥርስ ሐኪም ከመንቀሉ በፊት ድዱን በመርፌ ሲያደነዝዝ ያየ ሁሉ የነገሩን ሥር ዐውቋል። በሳይነስ ቀዶ ሕክምናም ባለሙያው ከዓይን በታች ብቅ በሚለው ነርቭ አጠገብ፥ ወይም ከአፍንጫ በስተኋላ ባለው የነርቭ ቋጠሮ ዘንድ መድኃኒቱን ያደርሳል። መልእክቱ ለጊዜው በመንገድ ይቋረጣል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ነርቩ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ካርል ኮለር የተባለ ሐኪም በቪየና ዓይንን በኮኬይን አደነዘዘ። ኮኬይን ግን ሱስ የሚያስይዝ ነው። በ1943 ዓ.ም. በስዊድን ሊዶኬይን፥ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ረዘም ላለ ሰዓት የሚያገለግለው ቡፒቫኬይን ተገኙ።

የነርቭ ማደንዘዣ በሽተኛውን የሚያስተኛውን ሙሉ ማደንዘዣ ሁልጊዜ አይተካም፤ ይረዳዋል እንጂ። ጥቅሙም በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሕመሙን መቀነሱ፥ የሚያስታውከውንና የሚያፈዘውን ብርቱ የሕመም መድኃኒት ማሳነሱ ነው።

ሆኖም ሰዓቱ የተወሰነ ነው። ሊዶኬይን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፥ ቡፒቫኬይን ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ስለዚህ በሽተኛው የሚከተሉትን ይጠብቅ፤

1. ሐኪም ያዘዘለትን ፓራሲታሞል ድንዛዜው ሳይለቅ፥ በተለይም መንገድ ሳይጀምር ይውሰድ። አንድ ጤነኛ ጐልማሳ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ አይገባውም። አስፒሪን ደምን ስለሚያፈስ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰድ።

2. ከንፈሩና ጉንጩ ደንዝዞ ሳለ ትኩስ ቡና አይጠጣ፤ ሳያውቀው ይቃጠላልና። ለብ ያለ አጥሚት ይበቃዋል።

3. አፍንጫውን አይናፈጥ፤ ማስነጠስ ሲመጣበት አፉን ይክፈት፤ ሲተኛም ራሱን ከፍ ያድርግ።

ደም አልቆም ካለ፥ ዓይን ካበጠ ወይም ማየት ከደከመ፥ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከአፍንጫ ከወረደ፥ ብርቱ ራስ ምታትና ትኩሳት ከተነሣ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ያሻል።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፥ ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ጀግንነት አይደለም። እንቅልፍ ያጣና ምግብ የተወ ሰው ቶሎ አያገግምም። እንግዲህ መምህራንና የከተማው ነዋሪዎች ለሚታከም ዘመዳችሁ ሦስት ጥያቄ አስይዛችሁ ስደዱት፤ ነርቬን ታደነዝዙልኛላችሁን? ድንዛዜው ስንት ሰዓት ይቆያል? ሲለቅስ ምን ልውሰድ? አስቀድሞም የሚወስደውን መድኃኒትና የማይስማማውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር።