ሥራ አለ ወይስ የለም?

ሐኪም የሰውን ጤና ለማወቅ ግንባሩን በመዳሰስ ብቻ አይወስንም። ትኩሳቱን ይለካል። የልብ ምቱን ያዳምጣል። ስለ እንቅልፉና ስለ ምግብ ፍላጎቱ ይጠይቃል። የአንድ ከተማ የሥራ ገበያም እንደዚሁ ነው። «ሥራ ሞልቷል» ወይም «ሥራ ጠፍቷል» በሚል አንድ ቃል ጤንነቱ አይታወቅም። በዚህ ምንባብ በአዲስ አበባ ምሥራቅ የሚገኘውን የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ምሳሌ አድርገን፣ የሥራ ገበያ ጤንነት እንዴት እንደሚታወቅ እንመለከታለን።

ክፍል 1፦ የሥራ ገበያ ምንድን ነው?

ገበያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጤፍና ሽንኩርት የሚሸጥበት ቦታ ነው። በሥራ ገበያ ግን የሚሸጠው ጉልበትና ሙያ ነው። ሻጩ ሠራተኛው ነው። ገዢው አሠሪው ነው። ዋጋው ደመወዝ ነው።

ሆኖም ጤፍና ጉልበት አንድ አይደሉም። ጤፍ ዛሬ ባይሸጥ ለነገ ይቀመጣል። የዛሬ ጉልበት ግን ዛሬ ካልተሠራበት ጠፋ ማለት ነው፤ በጎተራ አይከተትም። ጤፍ አይርበውም፤ ሠራተኛ ግን ይርበዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ባገኘው ዋጋ ለመዋዋል ይቸኩላል። ይህን ልዩነት ልብ እንበል። ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ክፍል 2፦ ለሚ ኩራ

ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። አያት፣ ሰሚት፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ የሚባሉት ሰፈሮች በዚህ ይገኛሉ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት አብዛኛው መሬት የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ትላልቅ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ቆመውበታል። ቀድሞ በሬ ጠምዶ ያርስ ከነበረው ገበሬ መካከል፣ ከተማው ሲደርስበት ወደ ዘበኝነትና ወደ ቀን ሥራ የገባ ብዙ ነው።

በዚህ አካባቢ ሥራ የሚገኘው በተለያየ መንገድ ነው። አንደኛው የቤትና የመንገድ ግንባታ ነው። ሁለተኛው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ይህ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረ፣ በመንግሥት ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው። በውስጡ ልብስና ጫማ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ገብተው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ቀጥረዋል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው። ሦስተኛው ሱቅ፣ ካፌ፣ ጉልት፣ ታክሲና የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ከዚህ የተረፈው ሰው ጧት ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ይጓዛል።

ክፍል 3፦ የጎረቤታሞች ክርክር

በእንዲህ ያለ ሰፈር የዕድር ወርሃዊ መዋጮ ከተከፈለ በኋላ ወሬው ወደ ሥራ መሄዱ አይቀርም። በግንባታ ሥራ የኖሩ አንድ ሽማግሌ፣ ልጅ ያሳደጉ አንዲት እናትና አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ይከራከራሉ እንበል።

ሽማግሌው፦ «ሥራ የለም ስትሉ ይገርመኛል። ዙሪያችሁን ተመልከቱ እንጂ! በየመንደሩ ፎቅ ይሠራል። ግንበኛ አምጡ፣ ልስን የሚሠራ አምጡ እየተባልኩ ስልኬ ሲጮህ ይውላል። የዛሬ ልጅ ግን ወንበር ያለው ሥራ ካልሆነ አይወድም።»

እናት፦ «እሱስ ልክ ነዎት ጋሼ፤ ግንበኛ ይፈለጋል። የኔ ልጅ ግን ግንበኛ አይደለችም። አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ ጋርመንት ገባች። ሰባት ወር ሠርታ ወጣች። ሥራ ጠልታ መሰለዎት? ከቤት ኪራይና ከታክሲ የሚተርፋት ስላጣች ነው። ከዚያ ወዲህ ካፌ ሁለት ወር፣ ሱቅ ሦስት ሳምንት ሠራች። ታዲያ ይቺን ልጅ ሥራ ፈት ይሏታል?»

ሽማግሌው፦ «ሥራ መምረጥ ነዋ ይኼ!»

እናት፦ «መምረጥ አይደለም ጋሼ። ሥራው ራሱ ነው እየገፋ የሚያስወጣት። እርስዎ ቢሆኑ አሥር ቀን ሠርተው የአምስት ቀን ቢከፈልዎ ይቆዩ ነበር?»

ሽማግሌው፦ «እሱማ አልቆይም። ቢሆንም ልጆቹ ሙያ ይማሩ ነው የምለው። ሙያ ያለው ሰው አይለምንም፤ ይለመናል።»

ወጣቱ፦ «ጋሼ፣ እኔ ሙያ አለኝ። ፌሮ አስራለሁ። ብረት ወይ ሲሚንቶ ሲጠፋ ግን ሥራው ይቆማል። ባለፈው ወር የሠራሁት አሥራ አንድ ቀን ነው። በቀረው ቀን ጧት ጧት አደባባይ ቆሜ ዝም ብዬ እመለሳለሁ።»

ሦስቱም ያዩትን ተናገሩ። ማንም አልዋሸም። ታዲያ ለምን አልተስማሙም? ሽማግሌው የቆጠሩት የሥራውን ብዛት ነው። እናትየው የመዘኑት ሥራው የሚያስገኘውን ኑሮ ነው። ወጣቱ ያሰበው የቀኑን ቁጥር ነው።

ክፍል 4፦ ሥራ አጥ የሚባለው ማን ነው?

በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ መሠረት፣ አንድ ሰው ባለፈው ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ከሠራ ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። አንድ ሰዓት! እንግዲህ ወጣቱ በሳምንቱ ሁለት ቀን ከሠራ ሥራ አጥ አይባልም። የእናትየዋም ልጅ በካፌው ሳለች ሥራ አጥ አልነበረችም። በመለኪያው ላይ ስሕተት የለበትም። የሚናገረው ግን ሥራ ስለ መኖሩ ነው እንጂ ሥራው ስለ ማጥገቡ አይደለም።

በአገር አቀፍ ጥናት በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥራ አጥ መጠን 4.5 በመቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥናት 8 በመቶ ሆነ። ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ምክንያቱ አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ ስለሆነ ነው። በገበሬ ቤት ሁሉም በእርሻው ይረዳል፤ ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው ጥቂት ነው። ወደ ከተማ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2010 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጥናቶች፣ በከተማ ሥራ ካላቸውና ሥራ ከሚፈልጉ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ሆኖ ተገኘ። ከሴቶች መካከል ያለው የሥራ አጥ መጠን ከወንዶቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ሌላም ነገር አለ። ድሃ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። የሚረዳው ዘመድ ከሌለው ቆሎም ቢሆን ይሸጣል፤ ጫማም ቢሆን ይጠርጋል። ስለዚህ የሥራ አጡ ቁጥር ቢያንስም ችግሩ አነሰ ማለት አይደለም።

ክፍል 5፦ አራት ጥያቄዎች

የአንድን ሰፈር የሥራ ገበያ ጤንነት ለማወቅ ከቆጠራው ሌላ አራት ነገር መጠየቅ ይገባል።

1ኛ. ሥራው ይቆያል ወይ?

«ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ወሬ ስንሰማ፣ ከዚህ ውስጥ ቋሚው ስንት ነው፣ ጊዜያዊው ስንት ነው ብለን እንጠይቅ። የወጣቱን ሒሳብ እንሥራ። ለአንድ ቀን 500 ብር ይከፈለዋል እንበል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 13,000 ብር ያገኛል። 11 ቀን ከሠራ ግን 5,500 ብር ነው። የቀን ዋጋው አልቀነሰም። የቀነሰው ቀኑ ነው።

ፋብሪካም ቢሆን ሠራተኛው ካልቆየበት ያው ነው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ያደረጉት ጥናት በ2010 ዓ.ም. ታትሟል። ከተቀጠሩት ወጣቶች ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር ሥራውን ለቀቁ። በዓመቱ ውስጥ ከአራት ሦስት የሚበልጡት ወጡ። ደመወዙ በየሰፈሩ ከሚገኘው ሌላ ሥራ አልበለጠባቸውም፤ ድካሙና የጤና ጉዳቱ ግን በረታባቸው። የእናትየዋ ልጅ ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው።

2ኛ. ደመወዙ ያኖራል ወይ?

አሁንም ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። ሁለት ሴቶች እያንዳንዳቸው በወር 5,000 ብር ደመወዝ አላቸው። የመጀመሪያዋ ለኪራይ 2,000 ብር ትከፍላለች። ለታክሲ በቀን 40 ብር፣ ለ26 ቀን 1,040 ብር ታወጣለች። ለምሳ በቀን 60 ብር፣ ለ26 ቀን 1,560 ብር ታወጣለች። ድምሩ 4,600 ብር ነው። የሚተርፋት 400 ብር ብቻ ነው። ሁለተኛይቱም ያንኑ ኪራይ ትከፍላለች። የርስዋ ድርጅት ግን ሰርቪስና ምሳ ይሰጣል። ስለዚህ 3,000 ብር ይተርፋታል። ደመወዛቸው እኩል ነው፤ ኑሯቸው ግን እኩል አይደለም።

የገንዘብ የመግዛት አቅምም መታየት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሲወደድ የድሮው ደመወዝ በቁጥር ያው ሆኖ በዋጋው ይቀንሳል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ለብዙ ዓመታት በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይኖር ቆይቷል።

3ኛ. ሥራው ይደረስበታል ወይ?

ሥራው መሐል ከተማ፣ ሥራ ፈላጊው ቦሌ አራብሳ ከሆነ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተዘርግቷል። ከሐዲዱ ርቆ የሚኖር ሰው ግን በመጀመሪያ ታክሲ መያዝ አለበት። ማስታወቂያ ለማየት፣ ለማመልከትና ለመፈተን መመላለስ ራሱ ገንዘብ ነው።

ግሩም አበበና ባልደረቦቹ በ2007 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ጥናት አድርገዋል። ለአንዳንዶቹ ወደ መሐል ከተማ የሚሄዱበትን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ሌሎቹን ማመልከቻ መጻፍና ለጥያቄ መቅረብ አስተማሩ፤ ችሎታቸውንም ፈትነው ወረቀት ሰጧቸው። በመጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች የተሻለ ሥራ ወደ ማግኘት ቀረቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ገቢያቸው አድጎ የተገኘው ችሎታቸውን በወረቀት ማሳየት የቻሉት ናቸው። እንግዲህ ወጣቱን ያስቀረው ስንፍና ብቻ አይደለም። መንገዱ ይርቃል፤ አሠሪውም ችሎታውን የሚያውቅበት የለውም። ዘመድና ደላላ የሌለው ሰው ተረስቶ ይቀራል።

4ኛ. አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ በር አለ ወይ?

ከጥር 1 ቀን 2022 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ማለት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ ንግድ ታገደች። ልብስ ሰፍተው ወደ አሜሪካ ይልኩ ለነበሩ ፋብሪካዎች ይህ ከባድ ነበር። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ኩባንያ ከዚያው ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘግቶ ወጥቷል። ሩቅ አገር የተወሰነ ነገር በአንዲት ሰፊ ልጅ ወንበር ላይ ይወድቃል። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ገዢ ብቻ ያለው ሰፈር በአንድ እግሩ የቆመ ነው።

ክፍል 6፦ ሠራተኛው ማወቅ ያለበት

ከላይ እንዳልነው ሠራተኛ ስለሚርበው ይቸኩላል። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሚላቸው ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ. መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም።
ለ. የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።
ሐ. የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት።
መ. ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው አንድ ተኩል ነው።

ማንበብና መጻፍ የቻለ ሠራተኛ ይህን በራሱ እጅ ሊከታተል ይችላል። አንድ ደብተር ይግዛ። የሠራበትን ቀን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ የተቀበለውን ገንዘብ በየዕለቱ ይጻፍ። ሳያነብ አይፈርም። የፈረመበትን ወረቀት ቅጂ ይያዝ። ክርክር ሲመጣ ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ግን ይመሰክራል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? በለሚ ኩራ ሥራ አለ። ጤነኛ የሥራ ገበያ አለ ለማለት ግን ሥራ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሥራው የሚቆይ፣ የሚያኖር፣ የሚደረስበት፣ ቢጠፋም ሌላ የሚተካው መሆን አለበት። «ሥራ ሞልቷል» ብለን ወጣቱን ሰነፍ ብንለው እንበድለዋለን። «ሥራ የለም» ብለን ብናስቀምጠውም እንበድለዋለን። ቆጥረን፣ ጠይቀንና መዝነን እንናገር።

የቃላት ፍቺ

የሙከራ ጊዜ፦ አሠሪው አዲስ ሠራተኛ ለሥራው መስማማቱን የሚያይበት ጊዜ።
የሥራ ውል፦ ሠራተኛና አሠሪ ስለ ሥራውና ስለ ክፍያው የሚያደርጉት ስምምነት።
የመግዛት አቅም፦ አንድ ገንዘብ ሊገዛ የሚችለው የዕቃ መጠን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሽማግሌው፣ እናትየውና ወጣቱ ያልተስማሙት ለምንድን ነው? እናንተ ከማን ጋር ትስማማላችሁ?
2. በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚሠራ ሰው ሥራ አጥ ነው ትላላችሁ? ለምን?
3. በክፍል 5 የመጀመሪያይቱ ሴት ኪራይ በ500 ብር ቢጨምርባት ምን ይሆናል? ሒሳቡን ሥሩ።
4. በሰፈራችሁ የሚገኙትን የሥራ ዓይነቶች ጻፉ። በእያንዳንዱ ላይ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁና መልሱን በደብተራችሁ አስፍሩ።