የአክሰስ ፋይል «ይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» ሲለን ምን እናድርግ?



አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ስምና ውጤት በማይክሮሶፍት አክሰስ ይዞ፣ ሮስተር በሚሠራበት ሳምንት ፋይሉ አልከፈትም ቢል የሚጉላላው ተማሪው ነው። እኛም ነገ መምህራን ስንሆን ይህ ሥራ በእጃችን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ፋይሉ ተበላሸ» ብለን ከመደናገጣችን በፊት የከለከለን ነገር ምን እንደሆነ ለይተን ማወቅ ይገባናል።

1ኛ/ አጻጻፉን እንመርምር። አክሰስ በይለፍ ቃል ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ ነው የሚያየው። ካፕስ ሎክ በርቶ ከሆነ ትክክለኛው ቃል ራሱ ስሕተት ይሆናል። የአማርኛ መጻፊያው በርቶ የቀረ እንደሆነም የምንጽፈው በግዕዝ ፊደል ይወጣል፤ ሳጥኑ ግን ከኮከብ ምልክት በቀር ምንም አያሳየንም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቃሉን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ጽፈን በዓይናችን እንየው፤ ከዚያ ሳናስቀምጥ እናጥፋው።

2ኛ/ ፋይሉን ሌላ ሰው ከፍቶት እንደሆነ እንጠይቅ። ይለፍ ቃል ለማስገባትም ሆነ ለማንሣት ፋይሉ ለብቻ መከፈት አለበት። ሌላ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እየሠራበት ከሆነ አክሰስ እምቢ ይላል። ሁሉም ከዘጉ በኋላ ከአክሰስ ውስጥ «ኦፕን» በሚለው አጠገብ ያለውን ቀስት ተጭነን «ኦፕን ኤክስክሉሲቭ» የሚለውን እንምረጥ።

3ኛ/ የተገናኙ ሠንጠረዦችን እንይ። አንዳንድ ጊዜ መረጃው በአንድ ፋይል፣ መሙያ ቅጹ በሌላ ፋይል ይሆናል። የመረጃው ፋይል ይለፍ ቃል ሲለወጥ የቅጹ ፋይል አሮጌውን ቃል ይዞ ስለሚቀር ሠንጠረዡ አይከፈትም። እዚህ ላይ በቅጹ ፋይል ውስጥ ቀስት ያለበትን አሮጌ ማገናኛ ሰርዘን በአዲሱ ቃል እንደገና ማገናኘት ነው። የሚሰረዘው ማገናኛው እንጂ መረጃው አይደለም። ሆኖም አስቀድሞ ቅጂ መያዝ አይከፋም።

4ኛ/ ቃሉ ፈጽሞ ከተረሳስ? እዚህ ላይ እርማችንን ማውጣት አለብን። እ.ኤ.አ. ከአክሰስ 2007 ወዲህ በመጣው የፋይል ዓይነት ይለፍ ቃሉ በር ብቻ አይደለም፤ መረጃውን ራሱን ወደ ምስጢር ጽሑፍ ይለውጠዋል። «ረሳሁ» ብለን የምንጫነው ቁልፍ የለም፤ ማይክሮሶፍትም አውጥቶ አይሰጠንም። «እንሰብርላችኋለን» ለሚሉ የማናውቃቸው ፕሮግራሞች የተማሪ ውጤት አሳልፎ መስጠትም ተገቢ አይደለም። የሚቀረን የቀድሞ ቅጂ ወይም የወረቀቱ ሮስተር ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋናው ጥንቃቄ ከኮምፒውተሩ ውጭ መሆኑን ነው። ይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። በታሸገ ፖስታ ሆኖ በርዕሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ። ሠራተኛ ሲዛወር ወንበሩና ጠረጴዛው በርክክብ እንደሚቆጠር ሁሉ ይለፍ ቃሉም ይቆጠር፤ ተረካቢው እዚያው ፋይሉን ከፍቶ ካየ በኋላ ይፈርም። የፋይሉም ቅጂ በየጊዜው ይወሰድ፤ ቅጂውም ይቆለፍበት።

ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በሮስተር ሳምንት ብንሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የሚሆነው። የተማሪው የዓመት ድካም በአንድ በተረሳ ቃል ምክንያት እንዳይጠፋ ከወዲሁ እናስብበት።