በተገጠመ ሞተር ላይ ዋና ቡሎኖችን ስለ መለወጥ

በመርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር መሆኑን የማያውቅ የአዲስ ከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰፈር ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ለፊዚክስ ተማሪ የሚስማማ ሆኖ ስላገኘሁት ለመጽሔታችን አንባብያን ላቀርበው ወደድሁ። ክርክሩም ይህ ነው። አንድ ሰው ሞተሩን አሳድሶ ጉልበት እንዲጨምርለት ቱርቦ ያስገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ክራንክሻፍቱን የያዙትን ዋና ቡሎኖች ከፊተኞቹ በሚበረቱ ሊለውጣቸው ያስባል። ሞተሩ ግን ተገጣጥሞ አልቋል። ታዲያ ከሥር የዘይቱን መያዣ አውርዶ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ቢለውጣቸው ይበቃልን? ወይስ ሞተሩ እንደ ገና መፈታት አለበት? መኪናው የቤተ ሰብ እንጀራ የሚገኝበት ሲሆን ጥያቄው ቀላል አይደለም። መፍታት ገንዘብና የሥራ ቀን ይበላል፤ ያለ ጥንቃቄ መለወጥ ደግሞ ሞተሩን ራሱን ሊበላው ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት በላንድ ክሩዘር ላይ በብዛት የሚገኘውን የቶዮታ ዋን ኤች ዜድ የናፍታ ሞተር እንውሰድ። ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር አሉት፤ ክራንክሻፍቱም በሰባት ቦታ ላይ ተይዞ ይሽከረከራል። እያንዳንዱ መያዣ ክብ ቀዳዳ ሲሆን፣ የላይኛው ግማሽ ከብሎኩ ጋራ አንድ አካል ነው፤ የታችኛው ግማሽ ግን ተለይቶ የተሠራ ቆብ ነው። ቆቡን ከብሎኩ ጋራ አጥብቀው የሚያስሩት ዋናዎቹ ቡሎኖች ናቸው። (ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቢየላ የምንላቸው ቃላት ሁሉ፣ እንደ መርካቶ ስም፣ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።)

ይህ ሞተር ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ የወጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን ይደክማል። ቱርቦ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። የፒስቶኑ ስፋት 94 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊቱም 69.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለስሌት ያህል የቃጠሎው ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ኪሎ ነው ብንል ፒስቶኑ 6,940 ኪሎ ይጫነዋል። ቱርቦው ግፊቱን ወደ 130 ቢያደርሰው 9,022 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ በቢየላው በኩል ወርዶ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ቆቦች ወደ ታች ይገፋል።

እንግዲህ ጠንካራ ቡሎን ማስገባት ተገቢ ይመስላል። በቡሎን ራስ ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 ተጽፎ ይታያል። የፊተኛው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ቡሎኑ የሚበጠስበትን ኀይል በካሬ ሚሊ ሜትር በኒውተን ይነግረናል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ ቡሎኑ ተለጥጦ የማይመለስበት ወሰን የዚያ ስንት አሥረኛ እንደ ሆነ ያመለክታል። ስለዚህ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ጥርስ ያለው 10.9 ቡሎን እስከ 7.7 ቶን፣ 12.9 ደግሞ እስከ 9.3 ቶን ድረስ ተስቦ ይመለሳል። ምልክት የሌለው ቡሎን ለዚህ ቦታ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ቡሎን ማለት ጸደይ ማለት ነው፤ ሲታሰር በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ቆቡን አጥብቆ የሚይዘውም ወደ ቦታው ለመመለስ የሚያደርገው ትግል ነው። የብረት መለጠጥ ደግሞ ለ10.9ም ለ12.9ም አንድ ነው። በመሆኑም መጠኑና ጥርሱ አንድ የሆነ 12.9 ቡሎን በድሮው የማሰሪያ ቁጥር ቢታሰር የሚጨምረው መጠባበቂያ ብቻ ነው፤ ቆቡን የሚይዝበት ኀይል ያው ነው። ጥቅሙ እንዲገኝ አብልጦ ማሰር ያስፈልጋል። አብልጦ ሲታሰር ግን ቆቡ ከፊተኛው ይበልጥ ይጨመቃል፤ ፋብሪካው በድሮው ቡሎን አስሮ ያከበበው ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል። በክራንክሻፍቱና በልባሱ መካከል ዘይት የሚያልፍበት ክፍተት ከክራንክሻፍቱ አንገት ውፍረት አንድ ሺኛ ያህል ነው፤ አንገቱ 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.06 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ የራስ ጠጕር ያህል መሆኑ ነው። ከዚህ ላይ ጥቂት ቢጎድል የዘይቱ ንጣፍ ይቀደድና ብረት ከብረት ይፋጫል።

ስታድ የሚባለው ማሰሪያም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አንዱ ጫፉ በብሎኩ ውስጥ በእጅ ብቻ ይገባል፤ በሌላው ጫፍ ላይ ደቃቅ ጥርስ ያለው ዳዶ ይታሰርበታል። ስቦ የሚይዘው ብዙ ሳይጠማዘዝ ስለሆነ ልኩ ይበልጥ ይታመናል። ነገር ግን የጥርሱ ልክ ስለሚለይ የድሮው የማሰሪያ ቁጥር አይሠራበትም፤ ሠሪው ያዘዘው ቁጥርና ያዘዘው ቅባት መጠበቅ አለበት። በቁልፍ ከምናወጣው ጉልበት ግማሹ ያህል ከራሱ ሥር፣ አርባ በመቶው በጥርሱ ላይ በመፋተግ ይጠፋል፤ ለመለጠጥ የሚተርፈው አሥር በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቅባቱ ሲለወጥ መፋተጉ በጥቂቱ ቢቀንስ እንኳ የማሰሩ ኀይል እጅግ ይጨምራል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ሞተሩ እንደ ተገጠመ መለወጥ የሚገባው እንደ ፋብሪካው በሆነ አዲስ ቡሎን፣ በፋብሪካው ቁጥር ብቻ ነው። የበረታው ቡሎን ወይም ስታድ ሞተሩ ወርዶ ክራንክሻፍቱ እስኪወጣ ይቆይ። ያን ጊዜ ቆቦቹ በአዲሱ ማሰሪያ ያለ ልባስ ይታሰራሉ፤ ቀዳዳው በመለኪያ በየአቅጣጫው ይለካል፤ ክብነቱን ካጣም ሰባቱም በአንድ መስመር ይቦረቦራሉ። መጠነኛ ቱርቦ ያለበት ሞተር ደግሞ፣ ሙቀቱ አስቀድሞ የሚያጠቃው ፒስቶኑንና ቴስታታውን ስለሆነ፣ ለቡሎን የታሰበው ገንዘብ ለእነርሱ ቢውል ይሻላል።

በተገጠመው ላይ የሚሠራም ቢሆን አንዱን ቆብ ሳይጨርስ ሌላውን አይፍታ። የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ተጠራቅሞ እንዳይቀር፣ ሲታሰር መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቀዋልና፣ ደኅና አድርጎ ያጽዳ። ክፍተቱ በሚጨፈለቅ የፕላስቲክ ክር ሲለካ ክራንክሻፍቱ ከሥር ተደግፎ ወደ ላይ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ክብደቱ ታችኛው ልባስ ላይ ያርፍና መለኪያው ሐሰት ይናገራል። ክሩ ከታች ያለውን ክፍተት እንጂ የጎኑን ክብነት አያሳይም። አንዱ ቆብ በታሰረ ቁጥር ክሩ ተጠርጎ፣ ልባሱ ዘይት ተቀብቶ፣ ክራንክሻፍቱ በእጅ ቁልፍ ይዙር፤ ከአራተኛው ቆብ በኋላ መዞሩ ቢከብድ የሚፈታው አራተኛው ነው።