ውዳሴ ከንቱ፦ የንጉሥ ካሌብ ዘውድና የእኛ መዝገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ በሪያድና በዙሪያዋ ያላችሁ ምእመናን፣ በተለይም የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በማድ ቤት ጥግ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እኅቶቻችን፤

ባለፈው ስለ ትዕቢት ተምረን ነበር። ዛሬ የቅርብ ዘመዱ ስለ ሆነው ስለ ውዳሴ ከንቱ እንማራለን። ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን፤ አበው ግን ለይተው ያዩአቸዋል። ትዕቢተኛ ሰውን ይንቃል። ውዳሴ ከንቱ የያዘው ግን ሰውን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ሰው አይቶ ካላመሰገነው የሠራው ሁሉ ባክኖ የቀረ ይመስለዋል። ስርቆትና ዝሙት በኀጢአት በር ይገባሉ፤ ይህ ግን ጾመን፣ ሰግደን፣ መጽውተን ሳለን በጽድቅ በር ይገባል። አበው በሽንኩርት መስለውታል፤ አንዱን ልጣጭ ስታነሡለት ሌላው ከሥሩ ይወጣል። ባማረ ልብስ መታየት ነውር መሆኑ ሲገባን፣ ደግሞ በተቀደደ ልብስ መታየት ያምረናል።

ከሪያድ ወደ ደቡብ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ፣ ናግራን የምትባል ከተማ አለች። በየመን በኩል በእግር ከገባችሁት ወገኖች መካከል በአጠገቧ ያለፋችሁ ትኖሩ ይሆናል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሂምያሩ ንጉሥ ዙ ኑዋስ የናግራንን ክርስቲያኖች ስለ ሃይማኖታቸው አስገደላቸው። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ይህን ሰምቶ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሕር ተሻግሮ ዘመተ፤ ድልም አደረገ። ግንቦት 20 ቀን በምናከብረው መታሰቢያው እንደሚተረከው፣ ከዚያ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በጌታ መቃብር ደጅ እንዲሰቀል አደረገ፤ እርሱም በአክሱም አጠገብ ወዳለው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገባ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተሸነፈ ንጉሥ ዘውዱን ሌላ ሰው ያወልቅለታል። ካሌብ ግን ያወለቀው አገር ሁሉ ሊያመሰግነው በቆመበት ሰዓት ነው። ሥራውም መልካም ሥራ ነበር፤ ለተገፉት ደርሷል። የሸሸው ከመልካም ሥራው ስም ነው። ክፉ ሥራችንንማ ማን ስሙ እንዲነሣ ይፈልጋል?

ከራሳችን ከካህናቱ እንጀምር። በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገልን “በእንተ ስማ ለማርያም” ብለን ስንለምን የምንኮራበት ነገር አልነበረንም። ይሁን እንጂ የቅኔ ቤት ነገር ይታወቃል፤ ተማሪ ሆዱ ባዶም ቢሆን የኔታ “ይበል!” ሲሉት ይጠግባል። ያ ረኀብ ባሕር ተሻግሮ ተከትሎን መጥቷል። አንዲት እኅት ዜማችንን በስልክ ቀድታ በዚህ ቻናል በለቀቀች ጊዜ ሌሊት ተነሥተን ስንት ሰው እንደ ሰማው አየን። ተኛን፤ እንደገና ተነሥተን አየን። የሌሊቱን ጸሎት ያደረስነው ከዚያ በኋላ ነው። ንስሐ አባታችን ያውቁታል፤ እናንተም እወቁት።

ሁለተኛው ነገር የመዋጮው ነው። አንዲት የታመመች እኅታችንን ወደ ሀገሯ ለመሸኘት ገንዘብ ስናሰባስብ፣ እንደ ልማዳችን የሰጪዎችን ስም ከነመጠኑ አነበብን። ሺህ ሪያል የሰጠ አንድ ወንድም ስሙ ተዘለለ። በማግሥቱ ደውሎ፣ “አባ፣ ምናልባት አልደረሳችሁ ይሆን ብዬ ነው” አለን፤ ድምፁ ላይ ኀፍረት ነበረበት። በዚያው ቀን ሃምሳ ሪያል የሰጠች እኅት ደግሞ፣ ስሟ ከትልልቆቹ ቀጥሎ ስለ ተነበበ ዳግመኛ እንዳንጠራት ለመነችን። ሁለቱም የሰጡት ለበጎ ነገር ነው። ሁለቱንም ያቆሰልናቸው እኛ ነን።

ስለዚህ በሚቀጥለው መዋጮ ስም ማንበብ ተውን። ገንዘቡም ቀነሰ። ተራው የነበረው ወንድማችን ጉዞው ሁለት ሳምንት ዘገየ። ሽማግሌዎቻችን፣ “አባ፣ ሰው ደካማ ነው፤ ስሙ ተጠርቶም ቢሆን ይስጥና የታመመው ይሂድ” አሉን። መልሱ ቀላል አልነበረም። የታመመ ሰው እኛ ትሕትናን እስክንማር ተኝቶ ሊጠብቀን አይገባም፤ እነዚያ ሁለት ሳምንታት እስካሁን ይከብዱናል።

ሆኖም ሐናንያንና ሰጲራን አስቡ (የሐዋ. 5)። መሬቱ የራሳቸው ነበር፤ ሁሉን ስጡ ያላቸው አልነበረም። ግማሹን ሰጥተው የሁሉን ስም ፈለጉ። በእኛም መካከል ስሙ ከጓደኞቹ እንዳያንስ ተበድሮ የሰጠ፣ በዚያ ወርም ለእናቱ የሚልከው ያጣ ሰው አግኝተናል።

ይህ ነገር ሀገር ቤትም ይደርሳል። በ2006 ዓ.ም. ከዚህ ሀገር ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ብዙዎቹ የገቡት ባዶ እጃቸውን ነበር፤ የጎረቤትን ዐይን መቋቋም አቅቷቸው ዳግመኛ የተሰደዱም አሉ። ያን ዐይን ማን አስለመደው? ለዕረፍት ስንሄድ የውሰት ወርቅ የምናደርግ፣ በማዳም ሳሎን ቆመን ፎቶ የምንልክ እኛው ነን። ታናሽ እኅት ወርቁን ታያለች፤ ውሰት መሆኑን ግን የሚነግራት የለም። ደብተሯን ጥላ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕሩ ትነሣለች። ይህን ስንጽፍ ፊታቸው የሚታየን ልጆች አሉ።

እንግዲህ የሰጪዎች ስም አይነበብም። መዝገቡ በሁለት ሰዎች እጅ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሰጪ መድረሱ በግሉ ይነገረዋል፤ ለሁሉ የሚነገረው ድምሩና የዋለበት ጉዳይ ብቻ ነው። በዚህ ወር የሚሸኙ አንዲት እናት አሉ፤ የጎደለው ጥቂት አይደለም፤ አምስት ሪያልም ትገባለች። ለዕረፍት የምትሄዱ ደግሞ ወርቁን ለባለቤቱ መልሳችሁ ሂዱ፤ ታናናሾቻችሁ ሥራው ምን እንደሚመስል ሲጠይቋችሁ እውነቱን ንገሯቸው።

በሚቀጥለው፣ ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ሊያየው ከመጣው ሹም እንዴት እንደ ሸሸ እንማራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።