ስድስት ክፍልና አንድ ስም

ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው ወደ ገደሉ ጫፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ግልገሎቻቸውን በጀርባ አዝለው ለአዳር ወደ ቋጥኙ ይወርዳሉ። ፈረንጆቹ ይህን ሊያዩ ከፓርኩ ጠባቂ፣ ከስካውቱ ጋር ሄደዋል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ኩክ የሚሉት ምግብ አብሳይ ሽንኩርት ይከትፋል። አስጎብኚው ወጣት ግን ከእሳቱ ዳር፣ ከሽማግሌው አጠገብ ቀርቷል። ሽማግሌው የደባርቅ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የእንግዳ ጓዝ በበቅሎ ጭነዋል፣ ኋላም በኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዛሬ የወጡት የእህታቸው ልጅ በቅሎ ነጂ ስለሆነ «እስቲ ደጋውን ልየው» ብለው ነው። እኔ ከማዶ ቆሎ እየቆረጠምሁ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር። አንድ የሆላንድ ሰው ደንበኛ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ደባርቅ ላይ ስድስት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ እንክፈት ይለኛል። ገንዘቡን እሱ ያመጣል፤ ፈቃዱም ቤቱም በእኔ ስም ይሆናል።

ጋሼ፦ ስምህን በስንት ሊከራየው ነው?

ወጣቱ፦ ኪራይ አይደለም፣ ሽርክና ነው።

ጋሼ፦ ውል አላችሁ?

ወጣቱ፦ በመተማመን ነው። እሱ አገር አንዲት ወረቀት እንፈራረማለን ብሏል።

ጋሼ፦ መተማመኑ ካለ ወረቀቱ ምን ያደርጋል? ወረቀቱ ካስፈለገስ ለምን እዚህ አይጻፍም? ሰውየው ክፉ ነው አላልሁህም። ግን ለምን ያንተን ስም እንደፈለገ ጠይቀኸዋል?

ወጣቱ፦ ለውጭ ዜጋ ወረፋው ይረዝማል ብሎኝ ነው።

ጋሼ፦ ወረፋ አይደለም፤ አይፈቀድለትም። የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 ሆቴሉን፣ ሎጁን፣ ሪዞርቱን፣ ሞቴሉን፣ የእንግዳ ማረፊያውን፣ ፔንሲዮኑን ባለኮከብ ካልሆነ በቀር ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከልሎታል። ምግብ ቤቱም ቡና ቤቱም እንዲሁ። የጉዞ ወኪልነትና ያንተው የማስጎብኘት ሥራ ደግሞ ጭራሽ የእኛው ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያ በሩ ዝግ ነዋ።

ጋሼ፦ የተዘጋችው ትንሿ በር ናት፤ ትልቁ ክፍት ነው። ባለኮከብ እሠራለሁ ካለ ይምጣ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ብቻውን ከሆነ ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገሬው ጋር ከተሻረከ 150,000 ዶላር ይዞ ይገባል። የእሱ ስንት ነው?

ወጣቱ፦ ስድሳ ሺህ ዩሮ።

ጋሼ፦ ለትልቁ አነሰ፣ ለትንሿ ደግሞ ዜግነቱ አልበቃም። ስምህ የተፈለገው ለዚህ ነው።

(ደንቡን የሚያማርሩ አሉ፤ ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው ለምን ይመልሳሉ እያሉ። እኔ በዚህ ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ደባርቅ ውስጥ አንድ ኩክ ወይም አስጎብኚ ሃያ ዓመት ቆጥቦ ሊሠራት የሚችለው ቤት ያችው ባለስድስት ክፍሏ ናት። እሷንም ከዩሮ ጋር ተጫርተህ አግኛት ማለት አይገባም።)

ወጣቱ፦ ሌላው ሁሉ እንዲህ አይደል የሚሠራው? ማን ይጠይቃል?

ጋሼ፦ ደህና ቀን ማንም አይጠይቅም። አንድ ቤት አውቃለሁ፣ የት እንደሆነ አልነግርህም። ባለስሙ በድንገት አረፈ። ገና አርባው ሳይወጣ ልጆቹ የበሩን ቁልፍ ቀየሩ። ፈረንጁ የገዛውን ፍራሽ እንኳ ላውጣ ቢል ደረሰኙ ሁሉ በሟቹ ስም ነው። ልጆቹን ሌባ አልላቸውም፤ አባታችን ያወረሰን ነው ብለው በልባቸው አምነዋል። ተገላቢጦሹንም አስብ። ግብር ቢከማች፣ ሠራተኛ ቢከስ፣ እንግዳ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር የሚጠራው ማን ነው? አንተ። ንግድ ፈቃድን ለሌላ ሰው መገልገያ መስጠት ደግሞ በንግድ ምዝገባው አዋጅ፣ በ980/2008፣ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄደህ «እውነተኛው ባለቤት እሱ ነው» ብትል ራስህን ከሰስህ ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ኧረ እሱስ... ሚስቱ እንኳ ኢትዮጵያዊት ናት። ማለቴ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ የሄደች። ፓስፖርቷ የሆላንድ ነው።

ጋሼ፦ ይህንን አሁን ነው የምትነግረኝ?

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ዞረው ተቀመጡ። ኩኩም ቢላዋውን አቆመ።

ጋሼ፦ እሷ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናት። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለእንዲህ ያሉት ነው የወጣው፤ ቢጫ ካርድ የምትሉት መታወቂያ በእሱ ነው የሚሰጠው። የኢንቨስትመንት አዋጁም ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ከፈለገ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ ያችን ስድስት ክፍል እሷ በገዛ ስሟ መክፈት ትችላለች። የ200,000 ዶላሩ ጣጣ አይመለከታትም፤ ፈቃዱንም ከክልሉ ታወጣለች፣ አዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽኑ ድረስ መመላለስ የለም።

ወጣቱ፦ ታዲያ ተገላገልን!

ጋሼ፦ ቆይ። እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልቆጠር ያለ ሰው ትርፌን በዶላር ላውጣ የሚለውን የውጭ ባለሀብት መብት አብሮ አይጠይቅም። ብሩ እዚሁ ይቀራል። ይህን ባልና ሚስቱ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት። ጡረታቸውን እዚህ ሊያሳልፉ ከሆነ ምንም አይደል፤ ትርፉ አምስተርዳም ያለ የቤት ዕዳ ይክፈል የሚሉ ከሆነ ግን አይሆንላቸውም።

ወጣቱ፦ ባለኮከብ የሚሠራውስ እንዴት ነው የሚያወጣው?

ጋሼ፦ ሲያስገባ ነው መውጫውን የሚያበጀው። ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ የውጭ ካፒታል ተብሎ በብሔራዊ ባንክ ይመዘገባል። ያ ማስረጃ ከሌለ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢሸጥም ቢያተርፍም «ከየት አመጣኸው?» ነው ጥያቄው። ድሮ በሻንጣ አምጥተው በጥቁር ገበያ የመነዘሩ ነበሩ። ለጊዜው ብሩ ይበዛላቸዋል፣ ኋላ ግን አንድም ወረቀት የላቸውም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሆኗልና ያን ለማድረግ ሰበቡም አነሰ።

ወጣቱ፦ እኔስ ምን እሆናለሁ? በስሟ ከሆነ እኔ ሠራተኛ መሆኔ ነው።

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ አሁን ጠየቅህ። ማኅበር መሥርቱ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይሉታል። ድርሻህ በቁጥር ይጻፍ። ገንዘብ ከሌለህ ያለህን ቁጠር፦ የአባትህ ቦታ አለ፣ የደንበኞችህ ስም ዝርዝር አለ፣ ጫኙም ኩኩም የሚያምኑህ መሆንህ አለ። ቦታውን በዓይነት መዋጮ አስገምተህ ታስገባለህ። ላሊበላ ቤን አበባ ምግብ ቤትን አይተሃል?

ወጣቱ፦ ያ ጠመዝማዛ ሕንፃ? አይቻለሁ።

ጋሼ፦ ሱዛን ኤቺሰን የምትባል የስኮትላንድ መምህርት ጡረታ ወጥታ መጥታ ከላሊበላው ሃብታሙ ባዬ ጋር የሠሩት ነው። ስሙም ግማሹ የእሷ ግማሹ የእሱ ነው፤ «ቤን» በአገሯ ተራራ ማለት ነው አሉ። በጊዜው ሕጉ ሌላ ነበር፤ ዛሬ ልክ እንደዚያ እንክፈት ብትሉ ኮከቡን ይጠይቋችኋል። እኔ የማሳይህ ሽርክናውን ነው። ሃብታሙ የተደበቀ ስም አልነበረም፤ አብሮ የሚጠራ ባለቤት ነው። እዚሁ አጠገባችን ሊማሊሞ ሎጅም የተሠራው እንዲሁ ነው፤ ሽፈራው አስራትና እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ጄፍሪስ፣ በየስማቸው።

ወጣቱ፦ የሊማሊሞው ግድግዳ አፈር ነው አይደል?

ጋሼ፦ አፈር በሣንቃ መካከል እየጠቀጠቁ ያቆሙት። በፈረንጆቹ 2016 ሲከፈት ሰው «ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው ጭቃ ቤት!» ብሎ ሳቀ። ወፍራም የአፈር ግድግዳ ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። አንተ ብሎኬት ደርድረህ በቆርቆሮ ብትከድን ጥቅምት ላይ እንግዳህ ጃኬቱን ሳያወልቅ ያድራል።

ወጣቱ፦ ለምን ፓርኩ ውስጥ አንሠራም? እንግዳው የሚፈልገው እዚህ ማደር ነው። ቡይት ራስ ላይ ያለው ሲሜን ሎጅ 3,260 ሜትር ላይ አልተሠራም?

ጋሼ፦ ተሠርቷል። አንተ ግን አትሞክረው። ይህ ፓርክ በፈረንጆቹ 1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው፣ ሃያ አንድ ዓመት ማለት ነው። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰው እንኳ አገሩን ለቆ ደባርቅ ሰፍሯል። ገበሬው ገብሱን ትቶ በወጣበት መሬት ላይ የሰው አልጋ ልዘርጋ ስትል የሚያይህን ዓይን አስበው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኑ፣ ዩኔስኮው ያለው ሁሉ ይቅርና።

ወጣቱ፦ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ ቦታ እሸጥላችኋለሁ ብሎናል። እይታው ልዩ ነው።

ጋሼ፦ ምኑን ነው የሚሸጠው? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው መሬት የለውም። ገንዘቡን ትሰጡታላችሁ፣ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያትማል፣ ሕጉ ግን አያውቃችሁም። ወይ ከተማ ውስጥ በሊዝ ውሰዱ፣ ወይ የቆመ ቤት ግዙ። የአባትህ ቦታ ከአስፓልቱ ስንት እርምጃ ነው?

ወጣቱ፦ አንድ መቶ ቢሆን ነው።

ጋሼ፦ ይበቃል። እንግዳው እይታውን እዚህ ጠግቦት ነው የሚመለሰው። ራስ ዳሽን ወጥቶ ሳምንት ሳይታጠብ ደባርቅ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ምን ይጠይቅሃል?

ወጣቱ፦ ሙቅ ውሃ።

ጋሼ፦ ከዚያስ?

ወጣቱ፦ ሙቅ ውሃ። (ሳቀ) ከዚያ ቢራ።

ጋሼ፦ ስድስቱም ክፍል በአንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍቱታል። መብራት ደግሞ ያን ጊዜ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ በፊት ሮቶው፣ የፀሐይ ማሞቂያው፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ። ሰውየህ ስለ አርማውና ስለ ድረ ገጹ ሲጽፍልህ አንተ ስለ ቧንቧው ጻፍለት። ቧንቧውም ከመሬት በላይ እንዳይሆን፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ወጣቱ፦ ሰዎቹንስ? የሆላንድ ሼፍ አመጣለሁ ይላል።

ጋሼ፦ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው እዚህ የማይገኝ ሙያ ሲሆን ነው፤ እሱም አገሬውን አስተምሮ እንዲተካ ነው። (ወደ ኩኩ እያመለከቱ) ይህ ሰው በአንዲት የጋዝ ምድጃ፣ ነፋስ ላይ፣ ሾርባ፣ ፓስታና የሙዝ ጥብስ ያወጣል። ሼፍ እሱ ነው። ጫኙንም ስካውቱንም በተራው ተወው። የእነሱን ማኅበር ተራ ዘልለህ የራስህን ዘመድ ብቻ ያሠራህ ቀን ቤትህ አምሮ ባዶውን ይቀራል።

ኩኩ ምንም አላለም፤ ሽንኩርቱን ግን ከቅድሙ ፈጠን አድርጎ መክተፍ ጀመረ።

ወጣቱ፦ እውነት ለመናገር፣ ጋሼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሕጉ አይደለም። እንግዳ ባይመጣስ?

ሽማግሌው ዝም አሉ። እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት።

ጋሼ፦ በ2011 ደጋው ሲቃጠል እሳት አጥፊ ከእስራኤል ድረስ መጣ። በ2012 ኮሮና። በ2013 ክረምት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ደባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ፤ ጭና መንደር በሰላማዊው ሰው ላይ የደረሰውን አንተም ታውቀዋለህ። ደህና ሆነ ስንል ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለው የክልላችን ግጭት መጣ። ያኔ አንተ በምን ኖርህ?

ወጣቱ፦ ድንች ዘራሁ። ትንሽ ጊዜም ጎንደር ባጃጅ ነዳሁ።

ጋሼ፦ አየህ፣ አንተ አለህ። ባለዕዳ ሆቴል ግን ድንች አይዘራም። ለዚህ ነው በብድር አትጀምሩ የምልህ፤ ከውጭ የመጣ ብድር ከሆነ ደግሞ እሱም በብሔራዊ ባንክ ካልተመዘገበ መመለሻ የለውም። በደህናው ዓመት እንኳ ሥራው ከመስከረም ማብቂያ እስከ መጋቢት ነው፤ ክረምቱን ጉምና ዝናብ ነው። ስድስቱን ክፍል በአንዴ አትሥሩ። ሦስት ሥሩና ሦስቱን መሠረት አውጥታችሁ አቁሙ። ፊት ለፊቱን ለከተማው ሰው ምግብ ቤት አድርጉት፤ ፈረንጅ ሲጠፋ የዳኛውና የሹፌሩ ምሳ ሠራተኛ ያቆይላችኋል። ሰውየህንም ጠይቀው፦ ሁለት ዓመት አንድም እንግዳ ባይመጣ ስንት ወር ደመወዝ ትከፍላለህ? መልሱን በቁጥር ከነገረህ ቁም ነገረኛ ነው።

ወጣቱ፦ ዛሬውኑ ልጻፍለት?

ጋሼ፦ ለእሱ አይደለም፣ ለእሷ ጻፍ። ቢጫ ካርድ አውጥታ እንደሆነ ጠይቃት። ካላወጣች የልደት ማስረጃዋ ወይም የወላጆቿ ማን ጋ እንዳለ ታፈላልግ።

ወጣቱ ስልኩን አወጣና ወደ ሰማይ አነሳው። ኔትወርክ የለም። የበቅሎ ነጂው ልጅ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ «እዚያ ጉብታ ላይ አንዳንዴ ይይዛል፣ ከጅብራዋ አጠገብ» አለው። ፈረንጆቹ እየሳቁ ሲመለሱ እሱ ባትሪውን አብርቶ ወደ ጉብታው ይወጣ ነበር።