«በ1 ሰዓት» የሚለው ሐረግ ሁለት ፍች
የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር አስተውሉ።

«ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን በ1 ሰዓት ባሕር ዳር ይደርሳል።»

አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሰዓት 1 ነው ወይስ ጉዞው የሚፈጀው 1 ሰዓት ነው? መስተዋድዱ «በ» ሁለቱንም ፍች ይሸከማል። እስከ ጣና ዳር ያለው የአየር ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራውም 1 ሰዓት ያህል ስለ ሆነ አንባቢው አንዱን ፍች ጥሎ ሌላውን ለመያዝ ይቸገራል። በ«አውሮፕላን» ፈንታ «አውቶቡስ» ብትሉ ግን ግርታው ይጠፋል፤ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ የሚወጣውን 560 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ በ1 ሰዓት የሚጨርስ የለምና።

ስለዚህ የመድረሻውን ሰዓት ስትጽፉ «ከጧቱ በ1 ሰዓት»፣ የጉዞውን ርዝመት ስትጽፉ «በ1 ሰዓት ውስጥ» በሉ። የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ሰዓቱ በፈረንጅ አቈጣጠር ስለሚታተም 7:00 ማለት ከጧቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት መስሎት ምሳውን በልቶ የሚመጣ መንገደኛ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎ ይደርሳል።

መልመጃ፦ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ለሚቀበሏችሁ አጎታችሁ የምትደርሱበትን ሰዓትና በረራው የሚፈጀውን ጊዜ የሚገልጽ አጭር መልእክት ጻፉ። «በ1 ሰዓት» የሚለውን ሐረግ በሁለቱም ፍች፣ ግርታ ሳትፈጥሩ ተጠቀሙበት።